«እኔ ወንጀለኛ ነኝ እንዴ?»

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። እዚያ ገና አመሻሹ ነው፤ ከሥራ ተገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ «እስቲ አገር ቤት ልደውል» የሚባልበት ሰዓት። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጮህ ስልክ መርዶ ነው። ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ ቀና ብላ «ማነው?» አለችኝ። «ማን ሞተ?» ማለቷ ነው።

የሞተ ሰው የለም። የደወለው የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን ልተወውና፣ ስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ አንብብ ያልኩትን አንብቦ ያላልኩትንም ጨምሮ የሚመጣ፣ አስተማሪን የሚያስፈራ ዓይነት ተማሪ ነበር። ከተመረቀ በኋላ ጥቂት ዓመት አስተማረና ዲቪ ደርሶት ሄደ። ቨርጂኒያ ከገባ ወዲህ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይደውልልኛል። ያን ዕለት ግን እንቁጣጣሽ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዓቱን አላሰብኩትም። ሥራ እያመለከትኩ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ለዚህ ነው በሌሊት የቀሰቀስከኝ?»

«ሌላም ነገር አለ። ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። በወንጀል ጥፋተኛ ተብለህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ‘አዎ’ እና ‘የለም’ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። የትኛው ላይ ምልክት ላድርግ?»

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። «ምን አድርገሃል?»

«ጠጥቼ ነድቻለሁ» አለና ትንሽ ዝም አለ። «እኔ ወንጀለኛ ነኝ እንዴ፣ ጋሼ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የጓደኛው ልጅ ክርስትና ነበር። የአገር ልጅ ተሰብስቦ፣ ዶሮው ወጥቶ፣ ጠላውም ቢራውም ውስኪውም ቀርቦ መሸ። ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። «እኛ እናድርስህ» ያለውም ሰው ነበር። «ደህና ነኝ» አለ፤ እውነትም ደህና መስሎታል። መንገድ ላይ የኋላ መብራቱ አንዱ መጥፋቱን ያየ ፖሊስ አስቆመው። ማንንም አልገጨ፣ የማንንም መኪና አልጫረ። መስኮቱን ሲከፍተው ግን ሽታው ቀድሞት ወጣ። ፖሊሱ በመስመር ላይ አስኬደው፣ በአንድ እግሩ አቆመው፣ በመጨረሻም አስተነፈሰው። ጣቢያ ሲደርስ መለኪያው 0.11 አለ።

በቨርጂኒያ ወሰኑ 0.08 ነው፤ በመቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.08 ግራም አልኮል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.05 ካወረደችው ከዩታ በስተቀር የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ሁሉ ወሰናቸው ይኸው ነው። ተማሪዬ ያን ሌሊት እስር ቤት አደረ። እዚያ አገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ጠጥቶ መንዳት እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስቀጣ ይችላል። መንጃ ፈቃድም ለአንድ ዓመት ይወሰዳል። የእሱ እስራት በገደብ ታለፈለት። መቀጮውን ከፈለ፣ ስለ አልኮል የሚሰጠውን ትምህርት ተማረ፣ ወደ ሥራና ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ እንዲነዳ ሲፈቀድለት ደግሞ መኪናው ላይ መሣሪያ ተገጠመበት። ካልተነፈሱበት ሞተሩ አይነሣም። እየነዱም በየመሐሉ «ተንፍስ» ይላል።

«ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርሳት ‘አባዬ፣ ለምንድነው መኪናችንን የምትነፋው?’ አለችኝ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። እኔም ልስቅለት ሞከርኩ። ሁለታችንም አልሆነልንም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ ያልቃል። የተማሪዬ ችግር የጀመረው ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ነው።

እንጀራው ከባድ መኪና ነዋ! የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በከባድ መኪና ሾፌር ላይ ጠንከር ይላል። ከባዱን መኪና ሲነዳ ወሰኑ 0.08 ሳይሆን 0.04 ነው። በዚህ አያበቃም፤ በዕረፍት ቀኑ፣ በገዛ ራሱ የቤት መኪና ጠጥቶ ሲነዳ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ የከባድ መኪና ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ሁለተኛ ከደገመው ዕድሜ ልክ ነው። ተማሪዬ ዓመቱን በመጋዘን ሥራ፣ ዕቃ በመጫንና በማውረድ አሳለፈው። ፈቃዱ ተመለሰለት። ሥራው ግን አልተመለሰም። ያመለከተበት ድርጅት ሁሉ መዝገቡን ያያል። ቀጣሪው ቢራራ ኢንሹራንሱ አይራራም። በስልክ እየተጠራ በሚሠራው ታክሲ ልሞክር ቢል ወደ ኋላ ሰባት ዓመት ይቆጠርበታል። በቨርጂኒያ የመንጃ መዝገብ ላይ ደግሞ ነገሩ 11 ዓመት ይቀመጣል። ዛሬ አርባ አራት ዓመቱ ነው። መዝገቡ ሲጠራለት እኔን ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል።

ያም ሆኖ ይህ የመንጃ መዝገቡ ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥፋተኛ የተባለበት ሰው የመጠጥ ክስ ከወንጀል መዝገቡ አይፋቅም። ሰውን ከመቅጠራቸው በፊት መዝገብ የሚያስመረምሩ ድርጅቶች ያገኙታል። ክስ ብቻ ሆኖ የቀረን ነገር ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው እንዳይጽፉ በአብዛኛው የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላቸዋል። ፍርድ ለሆነ ነገር ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። ሃያ ዓመት ቢሞላውም ይጻፋል።

አሁን ያመለከተበት ሥራ መንዳት የለበትም። አረጋውያን በሚውሉበት ማዕከል ውስጥ ነው። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውን ተከትለው የሄዱ፣ እንግሊዝኛው የማይሞላላቸው፣ ቀኑ የሚረዝምባቸው። አማርኛ የሚያነብላቸው፣ የሚያጫውታቸው፣ ከሐኪም የመጣ ወረቀት የሚተረጉምላቸው ሰው ተፈልጓል። «በሃያ ዓመቴ ያስተማሩኝ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ሊሆነኝ ነው» አለኝ። ይህንን ሲል ድምፁ ያ የፊት ወንበሩ ልጅ ሆነ። ከዚያም ወደ ሳጥኖቹ ተመለሰ።

ጓደኞቹን አማክሯል። ቡና ቤት ተቀምጠው ሁሉም አንድ ነገር ነገሩት፤ «የለም በል!» ይኼ ወንጀል አይደለም፣ የትራፊክ ቅጣት ነው። ሰው ገደልክ? ሰረቅክ? ታዲያ ምን ወንጀል አለብህ?

እኔም መጀመሪያ ላይ «እውነታቸውን ነው» ልል ነበር። ቃሉ እኮ ነው የሚያስቸግረው። በአማርኛችን «ወንጀል» ስንል ደም ወይም ሌብነት ነው የሚታየን። ጠጥቶ መንዳትንማ ምን ብለን ነው የምንጠራው? «ሞቅ ብሎት ነበር» እንላለን። «ትንሽ ቀምሷል» እንላለን። «እሱ እንኳ ሲጠጣ ነው የሚነዳው!» ብለን እናደንቃለን። ለድርጊቱ ያለን ቃል ሁሉ የሚያቆላምጥ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን በቀይ መብራት እንደማለፍ አይደለም፤ ከወንጀል ጋር የተመዘገበ ወንጀል ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ቃሉን በሆዱ ወደ አማርኛ ይተረጉመውና፣ በንጹሕ ልቡና «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል። ምርመራው ሲመጣ መዝገቡ ይወጣል። ያን ጊዜ ሥራውን የሚያሳጣው መጠጡ ሳይሆን ውሸቱ ይሆናል። «ጠጥቶ ነዳ» የነበረው ሰው «ዋሸ» ይባላል። ያውም ሳይዋሽ፣ በትርጉም ስሕተት!

«አዎ ላይ ምልክት አድርግ» አልኩት። «ከሥር ቦታ ካለው አስረዳ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አንድ ጥያቄ ሲያመላልሰኝ ነጋ። ያ ሕግ ለምን ይሆን እንዲህ ማስታወስ የሚወደው?

መልሱ አንዲት ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሪ ላይትነር የተባለች የ13 ዓመት ልጅ በእግሯ ስትሄድ የጠጣ ነጂ ገጭቶ ገደላት። ነጂው ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ጠጥቶ በመንዳት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ነበር። ገጭቶ በማምለጥ ሌላ ክስ ተይዞ በዋስ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው። የሚያውቀው ነበር፤ መዝገቡ ነበር፤ የሚያስታውስበት ግን አልነበረም። እናቷ ካንዲ ላይትነር በዚያው ዓመት ጠጥቶ መንዳትን የሚቃወሙ እናቶችን ማኅበር መሠረተች። እናቶቹ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ምክር ቤት ለምክር ቤት ዞሩ። ሕጎቹ እየጠበቁ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ወሰኑን 0.08 ያላደረገ ክፍለ ግዛት ከፌዴራሉ የመንገድ ገንዘብ እንዲቀነስበት ተደነገገ፤ እስከ 2004 ድረስ ሁሉም ተቀበሉት። በዚህም ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከጠጡ ነጂዎች ጋር በተያያዙ አደጋዎች 13,524 ሰዎች ሞተዋል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ሕጉን «ቂመኛ ነው» ለማለት ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ እኔ ለተማሪዬ አዝናለሁ፣ ለእናቶቹም አዝናለሁ። ሁለቱ አይጣሉም። ጠጥቶ የነዳ ሰው ጭነት መኪና ላይ እንዳይወጣ መከልከል ይገባኛል። ለሽማግሌ መጽሐፍ እንዳያነብ መከልከል ግን አይገባኝም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህ ጠፍቷቸው አይደለም። የሥራ እኩልነትን የሚከታተለው የፌዴራል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ቀጣሪዎች የጥፋቱን ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜና የሥራውን ጠባይ እንዲያመዛዝኑ መክሯል። ከቨርጂኒያ ወንዝ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሕግ አብዛኛው ቀጣሪ አስቀድሞ ሥራውን ልሰጥህ ነው ሳይል ስለ ወንጀል መዝገብ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። ሰውዬውን እየው፣ ከዚያ ወረቀቱን እየው ነው ነገሩ።

ወደ እኛ ልምጣ። እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነጂ ከተወሰነ መጠን በላይ ጠጥቶ እንዳይነዳ ደንግጓል። በቅርብ ዓመታትም አዲስ አበባ ውስጥ በሌሊት መንገድ ላይ ትንፋሽ የሚለኩ ፖሊሶች ማየት ጀምረናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 ደግሞ ሰክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ሰው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ዓመት በመልካም ጠባይ ለቆየ ሰውም ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበትን በር ከፍቷል። በዚህ በኩል ከቨርጂኒያ እንሻላለን። ነገር ግን ልማዳችንን ሳየው፣ ሰው እስኪሞት ድረስ ጉዳዩ ጨዋታ ነው። ሰው የሞተ ዕለት ነው ወንጀል የሚሆነው። በመሐሉ ያለውን ሰው፣ ጠጥቶ ነድቶ፣ ማንንም ሳይገድል ቤቱ የገባውን ሰው የሚጠይቀው የለም።

ያንን ሰው ደግሞ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

1993 ዓ.ም. ሐምሌ ነበር። ተመራቂዎቹ የጥናት ጽሑፋቸውን ጨርሰዋል። ስድስት የምንሆን ሰዎች ፒያሳ ተቀመጥን። ከተማሪዎቼ አንዱ እሱ ነበር፤ አሁን ከቨርጂኒያ የደወለው። ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኛ! ስለ ልቦለድ እያወራን፣ እየተከራከርን፣ አንድ ጨምር እየተባለ እኩለ ሌሊት ሆነ። ዝናቡ ይወርዳል። ቮልስ ነበረችኝ። «ጋሼ፣ ታክሲ ብንይዝ አይሻልም?» ያለው ይኸው ልጅ ነው። «ይቺ መኪና መንገዱን ታውቀዋለች» ብዬ አሳቅኳቸው። እነሱን ስድስት ኪሎ አወረድኩና ብቻዬን ወደ ኮተቤ ነዳሁ።

ከመገናኛ አለፍ ብሎ አንድ ነገር «ጓ!» አለ። አልቆምኩም። ለምን እንዳልቆምኩ ሲጠይቁኝ ዝናቡ ነው እላለሁ፤ ማንም ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ጠዋት ስነሣ የቀኙ የፊት መብራት ተሰብሯል፣ መከላከያው ገብቷል። ሌላ ምልክት የለም፤ ዝናቡ አጥቦታል። ልብሴን ለብሼ በታክሲ ወደዚያው ተመለስኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በእግሬ ሄድኩ። ቦዩን አየሁ። አንድ የሱቅ ዘበኛ «ትናንት ሌሊት እዚህ ምን ተፈጠረ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ምን ተፈጠረ?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። እስከ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጋራዥ ሳስገባት መካኒኩ «ውሻ ነው፣ ጋሼ፣ አይዞህ» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ነገሩ ቀልድ ሆነ። «የመምህሩ ቮልስ ከውሻ ተጣላች» ተባለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመስከረም ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ደሞዜ አልተቋረጠም፤ እድገትም አገኘሁ። ውሻ ይሁን ግንድ ይሁን ሰው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ተረታችን። እኔ የወጋሁት አልረሳሁም። የተወጋ መኖሩን ነው የማላውቀው።

እንግዲህ አንባቢዬ ይፍረዱ። ያን ፎርም ለእኔ ቢሰጡኝ «በወንጀል ጥፋተኛ ተብለህ ታውቃለህ?» ለሚለው «የለም» ላይ ምልክት አድርጌ እፈርማለሁ። አሻራ ብሰጥም ንጹሕ ነኝ። መልሴ እውነት ነው። የተማሪዬም «አዎ» እውነት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሽማግሌዎቹን እንዲያነብላቸው የሚቀጠረው ማነው? እኔ ነኝ። እሱ ግን ማንንም አልነካም፤ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ታሰረ፣ ከፈለ። ያ ፖሊስ ያን ሌሊት የኋላ መብራቱን ባያይለት ኖሮ ተማሪዬ ምናልባት እንደ እኔ ጠዋት ተነሥቶ መከላከያውን የሚያይ ሰው ይሆን ነበር።

በማግስቱ የጻፈውን ማብራሪያ ላከልኝ። አራት መስመር ናት። «በፖሊስ ተያዝኩ» ብላ ትጀምራለች። የአስተማሪነት አመሌ ተነሣና ደወልኩለት።

«መያዝህ አይደለም ጥፋቱ» አልኩት። «ያደረግከውን ነው የጠየቁህ። ባለቤት የሌለው ግስ አትጻፍላቸው።»

አስተካክሎ «ጠጥቼ ነዳሁ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ የተቀጣውን፣ የተማረውን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁለት ዓመት ጻፈ። እኔም ደብዳቤዬን ጻፍኩ። ከሃያ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፣ ከአንባቢዎቼ ሁሉ የተሻለው ነበር፣ እናቴ እዚያ አገር ብትሆን እሱ እንዲያነብላት እወድ ነበር አልኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጨምር አሰብኩ፤ ጽፌያትም ነበር። «ያጠፋውን ጥፋት እኔም አጥፍቻለሁ፤ እኔን ግን ያስቆመኝ ሰው አልነበረም» የምትል። ሰረዝኳት። ቀጣሪውን ምን ያደርግለታል ብዬ ነው። እዚህ ጋዜጣ ላይ የጻፍኳት እዚያ ስለሰረዝኳት ነው።

መልሱ እስካሁን አልመጣም። ባለፈው እሑድ ደውሎ ይህንኑ ነገረኝ። ልንሰነባበት ስንል፣ «ጋሼ፣ ያቺ ቮልስ የት ደረሰች?» አለኝ።

«ሸጥኳት» አልኩት። «መብራቷን አስጠግኜ።»

«የትኛውን መብራት?» አለኝ።